ዱካክ ሲይዝ፣ ሰውነት ሲታሰር፦ ከእንቅልፍ ስንነቃ ስለሚገጥሙን ግራ አጋቢ ነገሮች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ወሬ አንዴ ቡና ላይ ከተነሳ ማቆሚያ የለውም። አንዷ «እኔን እኮ ሌሊት ይይዘኛል» ስትል፣ ዝም ብሎ የተቀመጠው ሁሉ «እኔንም! እኔንም!» ይላል። እያንዳንዱ ሰው በራሱ ላይ ብቻ የመጣ መስሎት ስንት ጊዜ ደብቆት ኖሯል። እዚህ የተሰበሰቡት ኮዬ ፈጬ፣ ቦሌ አራብሳ፣ የካ አባዶ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ በአጠቃላይ ከከተማው ዳር የምንኖር ሰዎች ደጋግመን የምናነሳቸው ጥያቄዎች ናቸው። ሁሉንም ለማንበብ ጊዜ ከሌላችሁ፣ የከሰሉን ጥያቄ ብቻ ሳታነቡ እንዳታልፉ።

ሌሊት ነቅቼ፣ ዓይኔ እያየ፣ መንቀሳቀስ አቃተኝ። ዱካክ የሚሉት ይሄ ነው?

አዎ፣ ብዙ ሰው ዱካክ የሚለው ይህንኑ ነው። ነቅታችኋል። ጣሪያው ይታያችኋል። የሰፈር ውሻ ሲጮህ ትሰማላችሁ። ግን እጅ አይታዘዝ፣ እግር አይታዘዝ፣ ድምፅ አይወጣ። አጠገባችሁ የተኛውን ለመጥራት ትታገላላችሁ፤ ምላስ ተሳስሯል። ደረት ላይ አንድ ከባድ ነገር ጉብ ያለ ይመስላል። ከዚያ ድንገት ይለቅና ላብ በላብ ሆናችሁ ብድግ ትላላችሁ።

ሐኪሞች ስሊፕ ፓራሊሲስ ይሉታል። ብዙውን ጊዜ ከጥቂት ሰከንድ እስከ ሁለት ደቂቃ ገደማ ነው የሚቆየው፤ ለተያዘው ሰው ግን ሌሊቱ ሙሉ ነው። ብርቅም አይደለም። በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ 35 ጥናቶችን አንድ ላይ ያየ ግምገማ፣ ከጠቅላላው ሕዝብ 7.6 በመቶ፣ ከተማሪዎች ደግሞ 28.3 በመቶ የሚሆኑት በሕይወታቸው ቢያንስ አንድ ጊዜ እንደገጠማቸው ያሳያል። ተማሪዎቹ ለምን እንደበዙ ለመረዳት የማትሪክ ሰሞን እንዴት እንደምንተኛ ማስታወስ ይበቃል።

ብቻውን፣ አልፎ አልፎ ከመጣ በሽታ አይባልም። መቼ በሽታ እንደሚሆን መጨረሻ ላይ እንመጣበታለን።

ታዲያ ሰውነቴ ለምን እምቢ ይለኛል?

እንቅልፍ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ዓይነት አይደለም። ሌሊቱን ሙሉ በየ90 ደቂቃው ገደማ እየዞረ ይደጋገማል። ከዚህ ውስጥ ሬም የሚባል ክፍል አለ፤ ዓይን ከሽፋሽፍቱ ሥር ወዲያ ወዲህ የሚሮጥበት፣ ደማቅ ሕልም የሚታይበት። በ1953 እ.ኤ.አ. በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ዩጂን አሰሪንስኪና ናታንኤል ክላይትማን ናቸው ይፋ ያደረጉት።

በሬም ጊዜ አንጎል በሕልም ይሮጣል፣ ይጣላል፣ ከገደል ይዘላል። አካልም አብሮት ቢዘል ስንቶቻችን ከአልጋ ወድቀን እንሰበር ነበር። ስለዚህ ከአንጎል ግንድ የሚነሳ ትእዛዝ የእጅ፣ የእግርና የአንገት ጡንቻዎችን ሥራ ያስፈታል። ፈረንሳዊው ተመራማሪ ሚሼል ዡቬ ይህን ያየው በድመቶች ነው። ትእዛዙ የሚያልፍበትን ቦታ ሲጎዳባቸው፣ ድመቶቹ እንደተኙ እየተነሱ የሌለ ነገር ሲያድኑ ተገኙ።

ዱካክ የሰዓት አለመገጣጠም ነው። አእምሮ ከሬም ቀድሞ ወጥቷል፣ መብራቱ በርቷል፤ የጡንቻዎቹ ብሬከር ግን ገና አልተነሳም። ከሕልሙም ትንሽ ተርፏል። ነቅታችሁ የምታልሙት ለዚህ ነው።

ሬም እየረዘመ የሚሄደው ወደ ንጋት ነው። «ዱካክ የሚመጣው ሊነጋጋ ሲል ነው» የሚሉ ትልልቅ ሰዎች ያለ ምክንያት አልተናገሩም።

ትንፋሽ ያጥረኛል። እዚያው ልሞት እችላለሁ?

አትሞቱም። ዋናው የመተንፈሻ ጡንቻ፣ ማለትም ከሳንባ ሥር ያለው ድያፍራም፣ በሬም ጊዜም ሥራውን አያቆምም። የሚታሰሩት በጎድን አጥንት መሃል ያሉት ረዳት ጡንቻዎች ናቸው። እናንተ ደግሞ በድንጋጤ በኃይል ለመሳብ ትሞክራላችሁ፤ ደረቱ አይታዘዝም። መታፈኑ ከዚያ የሚመጣ ነው። አየር ግን እየገባ ነው። ዓይንም አይታሰርም፤ ለዚህ ነው ግራና ቀኝ እያያችሁ የምትጨነቁት።

ክፍሉ ውስጥ ሰው አይቻለሁ። በርግጥ አይቻለሁ!

አምናችኋለሁ። ዓይናችሁ ክፍት ነበር፤ ያያችሁት በርም የራሳችሁ በር ነው። በሩ ላይ የተሰቀለው ጋቢ ግን ያኔ ጋቢ ሆኖ አይታይም። ትከሻ ያወጣል፣ ይጠጋል። በዚያች ቅጽበት ከአንጎላችን የፍርሃቱ ክፍል በሙሉ ኃይሉ ይሠራል። አካል አይንቀሳቀስም፣ ጨለማ ነው፣ አደጋ ያለ ይመስላል። አንጎልም ለአደጋው ባለቤት ይፈልግለታል።

ካናዳዊው ተመራማሪ አለን ቼይን ከባልደረቦቹ ጋር በ1999 እ.ኤ.አ. እነዚህን ነገሮች በሦስት ከፍሏቸዋል። አንደኛው የሰው መኖር ነው፤ ኮቴ፣ ሹክሹክታ፣ ጥላ። ሁለተኛው መጫንና መታፈን ነው። ሦስተኛው መንሳፈፍ፣ መሽከርከር፣ ከአካል ወጥቶ ራስን ከላይ ማየት ነው። ሦስተኛው የገጠመው ሰው ብዙ ጊዜ ለማንም አይናገርም፣ «አበደች» እንዳይባል። እብደት አይደለም።

የውጭ ድምፅም ይቀላቀላል። እዚህ እኛ ጋ ሌሊት ጅብ ይጮሃል፣ ውሻ ይመልስለታል፣ ሊነጋ ሲል ደግሞ ከአንዱ ወገን ኪዳን ከሌላው አዛን ይሰማል። በከፊል ያለመ አንጎል ይህን ሁሉ እንደፈለገ ነው የሚተረጉመው። ጅቡ መስኮቱ ሥር የቆመ የመሰለው ሰው ውሸታም አይደለም።

ጃፓን ውስጥ ካናሺባሪ ይሉታል። በካናዳዋ ኒውፋውንድላንድ ደግሞ ደረት ላይ የምትቀመጥ አሮጊት ናት። የሁሉም እንግዳ የሚመጣው የአገሩን ልብስ ለብሶ ነው።

ዳር ከተማ ከገባን ወዲህ ነው የጀመረኝ። ቤቱ ነገር አለው ይሆን?

ይህ ጥያቄ ከሁሉም በላይ ይጠየቃል። ቤት ለመቀየር ያሰበም አለ። መሬቱ የመቃብር ቦታ ነበር፣ ያለ ጸበል ተገባበት፣ የማይባል የለም። እኔ ግን ከቤቱ በፊት ሰዓቱን ቁጠሩ እላለሁ።

ታች ቤት ያለችውን ጎረቤቴን ልንገራችሁ። ልጆች አስተኝታ፣ የነገ ምሳ አዘጋጅታ ጎኗን የምታሳርፈው ማታ 5 ሰዓት ላይ ነው። ውሃችን በፈረቃ ነው፤ ሲመጣም ሌሊት ነው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ቧንቧው «ፍስስስ» ሲል ትነሳለች። ስልኳን አብርታ ጥርሷ ላይ ትነክሰውና ጀሪካኖቹን በየተራ ትደቅናለች። ግፊቱ ደካማ ስለሆነ አንዱ እስኪሞላ ብዙ ያስጠብቃል። ወደ 9 ሰዓት እግሯ በረዶ ሆኖ ትመለሳለች፤ በጀርባዋ ተዘርራ ጭልጥ ትላለች። 11 ሰዓት ላይ አላርም ይጮሃል፤ መሃል ከተማ 2 ሰዓት ተኩል ሥራ ለመግባት ታክሲ ሰልፍ ላይ ቶሎ መገኘት አለባት። ዱካኩ የሚይዛት መቼ መሰላችሁ? ውሃ በመጣባቸው ሌሊቶች፣ ከ9 እስከ 11 ባለው ጊዜ።

ይህ አጋጣሚ አይደለም። በ1992 እ.ኤ.አ. የወጣ የጃፓን ተመራማሪዎች ሙከራ አለ። ሰዎችን ሌሊት ከእንቅልፍ እየቀሰቀሱ፣ ትንሽ አንቅተው ካቆዩ በኋላ መልሰው አስተኟቸው። በዚህ ዘዴ በቀጥታ ሬም ውስጥ እንዲገቡ አደረጉ፤ ከተወሰኑት ሰዎችም ዱካኩን በላቦራቶሪ ውስጥ አመጡት። ጎረቤቴ ላይ የውሃ ፈረቃው በነፃ የሚሠራውን ማለት ነው።

ስለዚህ ከቤቱ ጋር ባትጣሉ ጥሩ ነው። እንቅልፍ ማነስ፣ መቆራረጥ፣ የመኝታ ሰዓት መዘበራረቅ፣ ጭንቀት፣ በጀርባ መተኛት፣ እነዚህ ናቸው ዋናዎቹ ጠሪዎች። አዳር የሚሠራ ጥበቃ፣ ፈረቃው በየሳምንቱ የሚዞርባት የኢንዱስትሪ ፓርክ ሠራተኛ፣ ዳቦ ቤት የሚያድር ልጅ፣ ሁሉም የተጋለጡ ናቸው። አዲስ ቤት የገባ ሰው ደግሞ የባንክ ዕዳውም፣ የጎረቤት አለመላመዱም፣ ጨለማውም አለበት።

ምን ይደረጋል? ውሃውን ማስቀረት አይቻልም። ተራ መያዝ ግን ይቻላል፤ ባልና ሚስት፣ ወይም ደረጃ የሚጋሩ ጎረቤታሞች፣ አንዱ ሌሊት አንዱ ያርፍ። ሮቶ ያለው ሰው በተንሳፋፊ የሚዘጋ ቧንቧ ቢያስገጥም ሳይነሳ ያድራል። ከውሃ በኋላ ስትመለሱ በጎን ተኙ። በእንቅልፍ ልብ ወደ ጀርባ የሚገለበጥ ሰው የልጆች ኳስ በካልሲ አድርጎ ከቲሸርቱ ጀርባ ላይ ቢሰፋ አይገለበጥም። ያስቃል፤ ይሠራል። ቡናም ቢሆን ከማታ ወደ ከሰዓት ይምጣ። ካፌይን ግማሹ እንኳ ከሰውነት ለመውጣት አምስት ሰዓት ገደማ ይፈልጋል። ማታ 2 ሰዓት ላይ አቦል ቶና በረካ ያለ ሰው እኩለ ሌሊት ላይ ገና ከጀበናው አልተላቀቀም።

ጫት ካቆምኩ ወዲህ ነው የባሰብኝ። እንዲያውም ስቅም ሰላም ነበርኩ።

እውነት ነው፣ የሚጠበቅም ነው። በርጫ ቤት ዱካክ የሚሉት በተለይ ይህንን ነው፤ የሚያቆም ሰው ሌሊት የሚመጣበትን። ጫት የሚያነቃቃ ንጥረ ነገር አለው፤ ካቲኖን ይባላል። እንቅልፍን ይገፋል፣ ያሳንሳል። ሲቆም አካል የተነፈገውን ሕልም በአንዴ ማስመለስ ይፈልጋል። ከዚያ ከባድ ድካም፣ ረጅም እንቅልፍ፣ ደማቅና የሚያስፈራ ቅዠት ይከተላል። አንዳንዱን ይገርፉታል፣ አንዳንዱን ያሳድዱታል፣ አንዳንዱ ከነጭራሹ ይታሰራል።

ወጥመዱ እዚህ ላይ ነው። ሰውየው ሲቅም ዱካኩ ይጠፋለታል። «መድኃኒቱ ራሱ ጫቱ ነው» ይልና ይመለሳል። ጊዜ ከሰጣችሁት ግን ይረግባል። ለብቻ ከከበደ ለሐኪም መንገር ነውር የለውም።

አልኮልም ዘመዱ ነው። ማታ ጠጅ ወይም አረቄ የወሰደ ሰው ቶሎ ይወስደዋል፤ ሌሊቱ ሲጋመስ ግን እንቅልፉ ይበጣጠሳል፣ ሕልሙም ይከብዳል። የድብርት መድኃኒት የምትወስዱም በራሳችሁ ፈቃድ በአንድ ጊዜ አታቋርጡ። ብዙዎቹ ሬምን ይጫናሉ፤ ድንገት ሲቆሙ ተመሳሳይ ነገር ይመጣል። ቀስ እያለ የሚቀንስላችሁ ያዘዘላችሁ ሐኪም ነው።

ሲይዘኝ ምን ላድርግ?

መጀመሪያ፣ አትታገሉ። መላ አካላችሁን ለማንሳት በሞከራችሁ ቁጥር ደረት ይጨነቃል፣ ፍርሃቱ ይብሳል። «ይሄ ያ ነገር ነው፣ አሁን ያልፋል» በሉ በልባችሁ። ከዚያ አንድ ትንሽ ነገር ብቻ ፈልጉ፤ የእግር አውራ ጣት፣ ወይም ምላስን ከላንቃ ማላቀቅ። ብዙ ሰው ከአንዲት ጣት ነው የሚለቀቀው። ዓይናችሁ ነፃ ስለሆነ እሱንም ግራ ቀኝ አንቀሳቅሱ። ትንፋሹን ግን ተዉት፤ ራሱ ያውቃል።

ባላንድ ጃላል የተባለ ተመራማሪ በ2016 እ.ኤ.አ. ለዚሁ የሚሆን መንገድ ጽፏል። የደረሰባችሁን ነገር አደገኛ አለመሆኑን ለራስ መንገር፣ ከፍርሃቱ ራቅ ማለት፣ አእምሮን ደስ በሚያሰኝ አንድ ነገር ላይ ማሳረፍና ጡንቻን አለመወጠር ነው። የልጅ ፊት ሊሆን ይችላል፣ ጸሎት ሊሆን ይችላል። ቀን ቀን ተለማመዱት፤ ሌሊት በድንጋጤ መሃል አዲስ ነገር አይያዝም።

ከተለቀቃችሁ በኋላ ወዲያው መልሳችሁ አትተኙ፤ ያንኑ ሬም ቀጥሎ ሊይዛችሁ ይችላል። ተነሱ፣ ፊታችሁን ታጠቡ፣ ትንሽ ቁጭ በሉ፣ ከዚያ በጎን ተኙ።

ባለቤቴ ሲያዝ አጠገቡ ነኝ። ብነካው ችግር አለው?

የለውም። «የተያዘ ሰው ከተነካ ነፍሱ አትመለስም» የሚባለው ተረት ነው። ስሙን ጥሩት፣ ትከሻውን ነካ ነካ አድርጉት። አብዛኛውን ጊዜ ወዲያው ይለቀዋል። በደንብ ብትሰሙት ከጉሮሮው እንደ ማቃሰት ያለ ነገር ይወጣል፤ ምልክቱ ያ ነው። ውሃ መድፋትና በጥፊ መማታት አያስፈልግም፤ በጥፊ የነቃ ባል ማን እንደመታው ለማወቅ ጊዜ ይፈጅበታል።

ጸበል ልሂድ? ከትራስ ሥር ቢላዋ ላድርግ?

ከራስጌው ዳዊት አስቀምጦ፣ ወይም አየተል ኩርሲ ቀርቶ የሚተኛ ሰው ተረጋግቶ ይተኛል። መረጋጋት ደግሞ ለዚህ ነገር እውነተኛ መድኃኒት ነው። ስለዚህ ጸሎትን ከእንቅልፍ ሳይንስ ጋር ማጣላት አያስፈልግም። ጸበልም መሄድ የፈለገ ይሂድ።

ፍርሃትን የሚያባዛ ነገር ግን ይቅር። በግብፅና በዴንማርክ ሰዎች መካከል በተደረገ ንጽጽር፣ ጅን ነው ብለው የሚያምኑ የበዙባቸው ግብፃውያን ይበልጥ ይፈሩ ነበር፤ መታሰሩም ረዘም ይልባቸው ነበር። ይህን እያወቅሁ «ድግምት ተሠርቶብሃል፣ ይህን ያህል ብር አምጣና ላንሳልህ» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ ደሜ ይፈላል። የሚሸጠው ነገር ራሱ የበሽታው መኖ ነው።

ቢላዋውን አንሱት። ሦስት ሰው በሚተኛበት አልጋ ላይ፣ ከእንቅልፉ እየባነነ የሚነሳ ሰው ትራስ ሥር፣ ስለት አይቀመጥም። የሚጥል በሽታ ወይም የአእምሮ ሕመም መድኃኒት የጀመረ ሰው ደግሞ ጸበል ሲሄድ ክኒኑን ይዞ ይሂድ።

መታሰር የለብኝም፤ ግን ሌላ ሌላ ነገር ይሰማኛል።

ሸለብ ሲያደርጋችሁ ከገደል የወደቃችሁ ያህል ብንን ማለት፣ እግር ተወርውሮ መነሳት፣ የብዙዎቻችን ነው። ጡንቻ ወደ እረፍት ሲገባ የሚፈጠር ድንገተኛ መኮማተር ነው። ድካምና ካፌይን ያበዙታል። እለፉት።

ጭንቅላት ውስጥ እንደ ጥይት፣ እንደ በር መላተም ያለ ታላቅ ድምፅ ሰምቶ መንቃትም አለ። ሌላው ሰው አልሰማውም፤ ሕመምም የለውም። አሜሪካዊው ሐኪም ሳይላስ ዌር ሚቸል በ1876 እ.ኤ.አ. ነው የጻፈው፤ ስለዚህ እናንተ የመጀመሪያዎቹ አይደላችሁም። ስሙ የሚያስደነግጥ ነው፣ «የሚፈነዳ ራስ» ይሉታል። ምንም አይፈነዳም።

ክንድ ሬሳ ሆኖ መንቃት ነርቭ ተጭኖ ነው። ሲላቀቅ መርፌ መርፌ ይልና ይመለሳል። ሞቅ ብሎት ክንዱን ወንበር ጫፍ ላይ ጥሎ ያደረ ሰው ግን አንዳንዴ አንጓው ወደታች ተንጠልጥሎ ይቀራል። ብዙውን ጊዜ በሳምንታት ውስጥ ይሻላል፤ ሆኖም ሐኪም ይየው። ሌሊት ሌሊት አውራ ጣት፣ ጠቋሚና መሃል ጣት ብቻ የሚደነዝዝባችሁ፣ በተለይ እርጉዞች፣ አንጓ ላይ የተጫነ ነርቭ ሊሆን ስለሚችል ተናገሩ።

ከተነሱ በኋላም በእንቅልፍ ልብ መዋል አለ። አላርሙን ዘግተው አለማስታወስ፣ ሌላ ሰው ሲያናግር ዘባርቆ መመለስ። ብዙ ጊዜ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ፣ እንቅልፍ ሲጎድል እስከ አንድ ሰዓት ይሄዳል። ለአብዛኞቻችን ሻይ የሚፈታው ነገር ነው። 11 ሰዓት ላይ ከአልጋ ተነስቶ በቀጥታ መሪ ለሚጨብጥ የሚኒባስ ሾፌር ግን ቀልድ አይደለም።

አባቴ ደግሞ በተቃራኒው በእንቅልፉ ይማታል፣ ይጮሃል።

ይህ መታየት አለበት። የዱካክ ግልባጭ ነው፤ ጡንቻን ሊያስር የሚገባው ትእዛዝ ሳይሠራ ቀርቶ ሰውዬው ሕልሙን እየሠራው ነው። በዕድሜ በገፉ ሰዎች ላይ ሲጀምር ከፓርኪንሰን በሽታ ዓመታት ቀድሞ የሚመጣ ምልክት ሊሆን ይችላል። እስከዚያው ከአልጋው አጠገብ ኮመዲኖና ብርጭቆ አርቁ። እናታችንም ለጊዜው ሌላ ቦታ ይተኙ።

ትንሽ ልጅ በተኛ በአንድ ሁለት ሰዓት ውስጥ ጮሆ የሚነሳ፣ ዓይኑን አፍጥጦ የማያውቃችሁ፣ ጠዋት ምንም የማያስታውስ ከሆነ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ከጥልቅ እንቅልፍ የሚመጣ ነው፤ አብዛኛው ልጅ ሲያድግ ይተወዋል። አትቀስቅሱት፣ እንዳይወድቅ ብቻ ጠብቁት።

ጠዋት ስነሳ ራሴን ያዞረኛል፣ ጉልበቴ ይከዳኛል፣ ያቅለሸልሸኛል። ዱካኩ ቀን ቀጠለ?

በመጀመሪያ አንድ ነገር መልሱልኝ። ሌሊት ከሰል ቤት ውስጥ ነበር?

ከተማ ዳር ክረምቱ ይበርዳል፤ ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ አጥንት ድረስ ነው። ማታ ቡና የተፈላበት ከሰል ምድጃ «ቤቱን ያሙቅልን» ተብሎ ጥግ ይቀመጣል። በርና መስኮት ተጠርቅሟል፣ ከሥር ጨርቅ ተወትፏል። «ጭሱ አልቋል፣ ቀልቷል» ይባላል። የሚገድለው ግን ጭሱ አይደለም። የቀላው ፍም ካርቦን ሞኖክሳይድ ይለቃል፤ ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም። ደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይቀማል፤ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በርትቶ ነው የሚጣበቀው። ሰው ራሱን ያመዋል፣ ይደክመዋል፣ ልነሳ ሲል እግሩ ይከዳዋል። ይህንን ዱካክ ነው ብሎ ተመልሶ የተኛ ሰው ላይነሳ ይችላል።

ልዩነቱን ያዙ። ዱካክ በደቂቃ ውስጥ ይለቅና ሰውነት ወዲያው እንደነበር ይሆናል፤ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ የለውም፤ የሚይዘውም አንድ ሰው ነው። ከሰል ግን ቤተሰቡን በሙሉ ነው። ሁለት ሰው በአንድ ጠዋት «ራሴን» ካለ፣ ልጆቹ ካልነቁ፣ ጥያቄ የለውም። በርና መስኮት በርግዱ፣ ሁሉንም ወደ ውጭ አውጡ፣ ከዚያ ወደ 907 ደውላችሁ አምቡላንስ ጥሩ ወይም ያገኛችሁትን መኪና ይዛችሁ ሆስፒታል ድረሱ። ወተት ማጠጣት ጋዙን ከደም አያወጣውም፤ የሚያወጣው ንጹሕ አየርና ሆስፒታል ያለው ኦክስጅን ነው። ራሱን የሳተ ሰው አፍ ውስጥ ደግሞ ምንም አይፈስም።

ከዚያ በኋላ ምድጃው ውጭ ይደር። ብርድ ልብስ ደርቡ።

ከሰል ሳይኖር ጠዋት ጠዋት ራስ የሚያማችሁ፣ ሌሊት የምታንኮራፉ፣ ትንፋሻችሁ ቆም ብሎ በሲቃ እንደሚመለስ የነገሯችሁ ከሆነ፣ በእንቅልፍ ውስጥ የትንፋሽ መቆራረጥ ሊሆን ስለሚችል ይህንንም አስመርምሩ።

ታዲያ ሐኪም ጋ የምሄደው መቼ ነው? የትስ?

ወዲያውኑ፣ በዚያው ሰዓት የሚያስኬደው በአንድ ጎን ብቻ የሆነ ድካም ነው። ከእንቅልፍ ነቅታችሁ አንዱ እጅና እግር ከከዳ፣ አፍ ከተጣመመ፣ ንግግር ከተኮላተፈ፣ ስትሮክ ነው ብላችሁ ሩጡ፤ እስኪነጋ አይጠበቅም። መታሰሩ ለሰዓታት ካልለቀቀም ዱካክ አይደለም፤ የፖታሲየም መዛባት እንኳ እንዲህ ያደርጋል።

ምላስ ተነክሶ፣ አልጋ ረጥቦ፣ ጡንቻ እንደተደበደበ አሞ መነሳት የሚጥል በሽታ ሌሊት መጥቶ ሊሆን ይችላል። ቀን ላይ፣ ወሬ መሃል፣ ታክሲ ውስጥ ቆሞ እንኳ እንቅልፍ የሚጥለው፣ ስቆ ጉልበቱ የሚብረከረክ ሰው ደግሞ ናርኮሌፕሲ ስለሚባል ሕመም ይጠይቅ፤ ዱካክ ከምልክቶቹ አንዱ ነው። ዱካኩ በየሳምንቱ እየመጣ መተኛት ካስፈራችሁ፣ ወይም ከድብርትና ከከባድ ጭንቀት ጋር ከመጣ፣ ያም በቂ ምክንያት ነው።

መጀመሪያ በአቅራቢያችሁ ያለ ጤና ጣቢያ ሂዱ፤ ካስፈለገ ሪፈር ይጽፉላችኋል። የነርቭ ነገር ከሆነ ጥቁር አንበሳ፣ የአእምሮ ጤና ከሆነ አማኑኤል የታወቁ ናቸው። «ዱካክ» ለማለት አትፈሩ፤ ሐኪሙም የዚህ አገር ልጅ ነው። ስትሄዱ ግን ባዶ እጃችሁን አትሂዱ። መቼ እንደተኛችሁ፣ ስንት ሰዓት ላይ እንደያዛችሁ፣ ስንት ጊዜ እንደነቃችሁ፣ ጫት፣ ቡና፣ መጠጥና ክኒን ምን እንደወሰዳችሁ፣ የሁለት ሳምንት በደብተር ጻፉ። አጠገባችሁ የሚተኛ ሰው ካለም ሲይዛችሁ በስልክ ቪዲዮ ይቅረጻችሁ፤ መጀመሪያ ቀስቅሶ ሳይሆን መጀመሪያ ቀርጾ፣ ከዚያ ይቀስቅሳችሁ።